ከግጦሹ ሥር ያለው ነዳጅ
በደቡብ ቴክሳስ፣ ኢግል ፎርድ በሚባለው የሼል ነዳጅ ቀጣና፣ ለጉድጓዶቹ የሚውል አሸዋ በከባድ መኪና አመላልሳለሁ። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትንም የተፈጥሮ ሀብትንም የመንግሥትና የሕዝብ ስላደረገ፣ ከብት አርቢ ከግጦሹ ሥር ያለውን ነዳጅ ሲያከራይ ማየት አሁንም ይደንቀኛል። ሁሉም ግን አይታደልም። የቀድሞው ባለቤት መሬቱን ሲሸጥ የማዕድን መብቱን ለራሱ አስቀርቶ ከሆነ፣ ለዛሬው ባለመሬት የሚተርፈው በአብዛኛው አቧራና የእኛ መኪና ጩኸት ነው።

ባለመብቱም ቢሆን የፊርማው ገንዘብ ባያስቸኩለው እላለሁ። የሼል ጉድጓድ ምርት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከግማሽ በላይ ሊወርድ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው በርሜልም በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወርዶ ነበር። ውሉ ግን ጉድጓዱ ትንሽም እያዋጣ እስካመረተ ድረስ መሬቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ከሽያጩ የሚደርሰውን ድርሻና የሚቀነስበትን ወጪ አስቀድሞ ለጠበቃ ያስነብብ።