«አላየሁም፣ አልሰማሁም»

አንባቢ ሆይ፣ ለመሆኑ ሰው ሲገደል ቆሞ ያየ ሰው በሕግ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም? እኔ በምኖርበት በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ይህን ያነሳሁባቸው ጎረቤቶቼ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ምን አገባኝ!» ሕጉ ግን ያገባሃል ይላል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575፣ ሕይወቱ ወይም አካሉ ከባድና ቅርብ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ በራሱም በሌላውም ላይ አደጋ ሳይደርስ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መርዳት እየቻለ ሆነ ብሎ የተወ ሰው እስከ ስድስት ወር ሊታሰር ወይም መቀጮ ሊከፍል እንደሚችል ይደነግጋል። እንግዲህ «ጩቤ ከያዘ ሰው ጋር ልጋፈጥ እንዴ?» የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም። ማን ተጋፈጥ አለህ? በርህን ቆልፈህ ፖሊስ ዘንድ መደወል ምን አደጋ አለው? በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ «ቦምብ ይዟል» ተብሎ በሐሰት የተጠረጠረው ሰው በደቦ ተገድሎ ቁልቁል ሲሰቀል፣ ከቦ ያይ የነበረው ሕዝብ ስልክ አልቸገረውም። ምስሉ አገር ያዳረሰው በስልክ ነው እኮ!

ከሕጉም ጋር ጠብ አለኝ። አንቀጽ 443 ማንኛውም ሰው ያወቀውን ወንጀል እንዲያስታውቅ የሚያስገድደው፣ ወንጀሉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። ከባድ የሰው ግድያ እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት የሚያስቀጣው ተራ ግድያ ግን አይገባም። ታዲያ በመስኮት ያየ ሰው ግድያው ተራ ይሁን ከባድ በምን ይለየው? ዳኞች እንኳ ስንት ቀጠሮ ሰጥተው ነው የሚለዩት! አስገድዶ መደፈርም ቢሆን ተበዳይዋ ካልሞተች ወይም ከባድ ጉዳት ካልደረሰባት፣ የሰማው ጎረቤት ዝም ቢል በዚህ አንቀጽ አይነካም።

አያቶቻችን አውጫጭኝ ነበራቸው። አገሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ አይበተንም፤ ካልታወቀ የጠፋውን ሁሉም ያዋጣል። ንጹሑን ከሌባው እኩል ያስከፍል ነበርና ይመለስ አልልም። ዝምታ ዋጋ እንዳለው ግን ያውቁ ነበር።

ለጎረቤቶቼ አንድ ነገር አምንላቸዋለሁ፤ ፍርሃታቸው የፈጠራ አይደለም። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚያስበው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ምስክር ነው። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ላይ ቃሉን ሰጥቶ፣ ማታ ከዚያው ሰው ጋር በአንድ ደረጃ ለሚወጣው ጎረቤት በአዋጁ ውስጥ ቦታ አልተተወለትም።