የልብን ጭንቀት ስለ መለካት

ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ሐኪም ቤት ቢሄድ ሙቀቱ በመሣሪያ ተለክቶ በቍጥር ይታወቃል፤ መድኀኒት ከወሰደ በኋላም ሁለተኛ ሲለካ መዳኑና አለመዳኑ ይገለጻል። ልቡ በሐዘን የታመመ ሰው ግን እንደዚህ ያለ መሣሪያ ስላልተገኘለት ሐኪሞች በጥያቄ ይመረምሩታል። በብዙ አገር የሚሠራበት የጥያቄ ወረቀት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2001 ዓመት ባሜሪካ ሊቃውንት የታተመው ነው፤ ጥያቄዎቹም 9 ናቸው። ባለፉት 2 ሳምንቶች እንቅልፍ ማጣት፥ ድካም፥ ተስፋ መቍረጥና ይህን የመሰለው ስንት ቀን እንደ ደረሰበት ሕመምተኛው ይጠየቃል፤ ለያንዳንዱም መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ27 አያልፍም። በንግግር የሚደረገው ሕክምና ሲዠመርና ሲፈጸም ይኸው ጥያቄ ተደግሞ ቍጥሩ ዝቅ ካለ፥ ሕክምናው ረድቶታል ይባላል።

ይህ ወረቀት ወደ አማርኛ ተመልሷል። ዳሩ ግን ቃሉን መመለስ ብቻውን አይበቃም። በተለመደው ሥርዓት አንድ አዋቂ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ የመዠመሪያውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ከተስማሙ ትርጕሙ ደኅና ነው ይባላል። ነገር ግን ሁለቱም ተርጓሚዎች የተማሩ ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ይግባባሉ፤ ሆዴን ባር ባር አለኝ፥ ሐሳብ በዛብኝ ብላ የምትናገረው ሴት የነሱን ቃል ላታውቀው ትችላለች።

8ኛውን ጥያቄ እንመልከት። ሰው እስኪያስተውለው ድረስ ዝግ ብሎ መናገርንና መንቀሳቀስን፥ ወይም በተቃራኒው መቅበጥበጥን ባንድነት ይጠይቃል። ዝግ ብሎ መናገር በኛ ዘንድ ከልጅነት ዠምሮ የምንማረው ጨዋነት ነው። እንግዲህ አንድ አረጋዊ፥ አዎን፥ ሁልጊዜ እንዲሁ ነኝ ብለው ቢመልሱ ጸሐፊው 3 ብሎ ይጽፍባቸዋልን? የምግብ ፍላጎትም ነገር በዐቢይ ጾምና በፋሲካ ሰሞን ቢጠየቅ መልሱ አንድ አይሆንም።

ስለዚህ ወረቀቱ በሰው ላይ መፈተን አለበት። ሕመምተኞቹ ከመለሱ በኋላ ቍጥራቸውን ያላወቀ ያእምሮ ሐኪም ለብቻው ይመረምራቸውና ሁለቱ ፍርዶች ይመዛዘናሉ። ባዲስ አበባ ባንድ ታላቅ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ምርመራ ተደርጎ በ2013 ታትሟል፤ 926 ሰዎች ጥያቄውን ሲመልሱ ከነሱ 363ቱ በሐኪም ተመርምረዋል። ወሰኑ 10 ሲሆን ከታመሙት ከ100 86ቱን ለይቷል፤ ካልታመሙት ግን ከ100 33ቱን ታመዋል ብሎ ቈጥሯል። በ2015 የታተመው፥ በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ በጤና ጣቢያ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ለዚያ ስፍራ የሚስማማው ወሰን 5 እንደ ሆነ አሳየ። የሶዶ ገበሬ በከተማው ወሰን ቢለካ፥ ታሞ ሳለ ደኅና ነህ ተብሎ በተሰናበተ ነበር።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሉኝታ ነው። ብዙ ሳምንት በትዕግሥት ያነጋገረው ሰው ራሱ በመጨረሻው ቀን ወረቀቱን ይዞ ቢቀርብ፥ ባለውለታውን ማሳዘን የማይወድ ሕመምተኛ፥ ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን ከማለት በቀር ምን ይመልሳል? ቍጥሩ ይወርዳል፤ ሕመሙ ግን ባለበት ነው። የኋለኛውን ጥያቄ ሌላ ሰው ቢጠይቅ ይሻላል። ደግሞም ወረቀቱ የታመመውን ካልታመመው መለየቱ የተሻለውን ካልተሻለው ይለያል ማለት አይደለምና፥ ይህ ለብቻው መፈተን ይገባዋል።

የቤተ ሰብ አለቆች የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ግን ይህን ሳትጠብቁ የምታደርጉት አለ። 9ኛው ጥያቄ ሞቼ ባረፍሁ የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃልን የሚል ነው፤ አዎን የሚል መልስ ከተገኘ የሌላው ድምር ጥቂት ቢሆንም ሐኪሙ በዚያው ቀን ጠልቆ ይጠይቃል። በልማዳችን ባል ወይም ወንድም ካጠገቧ ተቀምጦ ስለ እርስዋ ይመልሳል። ወረቀቱ ሲወጣ ተነሥታችሁ ከክፍሉ ውጡ፤ እስክትጠሩም ድረስ በደጅ ቈዩ።