አጀንዳውን ማን ጻፈው?

በጅቡቲ ወደብ ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የስብሰባን ሥርዓት በቃሉ ያውቀዋል። ወንበሮች እንደ ትምህርት ቤት በረድፍ ይደረደራሉ፤ ፊት ለፊት ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ማይክሮፎን፣ ከማይክሮፎኑ ኋላ ሰብሳቢ ይቀመጣል። ሦስት ነጥብ ያለው አጀንዳ ይነበባል፤ ማን እንደ ጻፈው የሚጠይቅ የለም። ሪፖርቱ ሰዓቱን ከጨረሰ በኋላ «አስተያየት ያላችሁ ባጭሩ» ይባላል። ተጨብጭቦ ሲበቃ ከበሩ ውጭ፣ ጥላ ባለበት ጥግ፣ እውነተኛው ስብሰባ ይጀመራል። የከባድ መኪና ሾፌሩ ስለ ወደቡ ወረፋ፣ የቤት ሠራተኛዋ ስለ ተያዘባት ደመወዝ፣ ነጋዴው ስለ ልጆቹ ትምህርት የሚናገሩት እዚያ ነው። ደጅ ላይ የተነገረው ግን በቃለ ጉባኤ አይሰፍርም።

ይህን በሰብሳቢዎች ጥፋት ብቻ ማሳበብ አይገባም፤ የቆየ ውርስ አለበት። በቀድሞው ዘመን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሸንጎ ነበረ። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይደረጋል። ሸንጎው የሚበተነው የተፈለገው ስም ሲገኝ ነበር። በደርግ ዘመን የቀበሌ ስብሰባና የውይይት ክበብ ይህንኑ ጠባይ ወረሱ፤ የስም መቆጣጠሪያው በር ላይ፣ ውሳኔው ደግሞ አስቀድሞ በሰብሳቢው ኪስ ውስጥ ነበረ። በዚህ መንገድ ያለፈ ትውልድ መሰብሰብን ከመያዝ ለይቶ ባያይ አይፈረድበትም። ልማዱን ባሕር ዳርቻ ድረስ ተሸክሞ መምጣት ግን የሚያስወቅስ ነው።

ሌላ መንገድ አለ። አሜሪካዊው ሃሪሰን ኦወን እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ዓመት የደከመበትን ጉባኤ ካካሄደ በኋላ፣ ተሰብሳቢው ከሁሉ አብልጦ የወደደው የቡና ዕረፍቱን መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ በ1985 ኦፕን ስፔስ፣ ማለትም «ክፍት ቦታ»፣ የተባለውን የስብሰባ ዘዴ ጀመረ። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ግድግዳው ባዶ ነው። ጉዳይ ያለው ሰው ተነሥቶ ጉዳዩን በወረቀት ይጽፋል፤ ለጉባኤው ያሰማል፤ ሰዓትና ቦታ ወስኖ ይለጥፋል። የሚመለከተው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። የማይማርበትና የማይጠቅምበት ቦታ የተቀመጠ ሰው በሁለት እግሩ ተነሥቶ ወደሚረባበት መሄድ ይችላል። የአመቻቹ ሥራ ክቡን ከፍቶ፣ ሥርዓቱን አስረድቶ ዝም ማለት ነው።

ይህንን የፈረንጅ ፈሊጥ ብሎ የሚያጣጥል ሰው ይሳሳታል። ኦወን ራሱ በላይቤሪያ፣ ባላማ በተባለች መንደር ካየው በዓል ትምህርት መቅሰሙን ተናግሯል። ከዚህም ይልቅ ቅርቡ የኢሳዎች ሔር ነው። 44 አባላት ያሉት ጉባኤ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ስምምነት እስኪገኝ በትዕግሥት ይመክራል። ጅቡቲያዊው ምሁር አሊ ሙሳ ኢዬ ስለዚህ ሥርዓት የጻፈውን መጽሐፍ «የዛፉ ፍርድ» ብሎ ሰይሞታል፤ ዩኔስኮም በ2024 የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ የጋራ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። እርግጥ ጥላው ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ ሴቶች ከሸንጎው ውጭ ነበሩ።

ይህ ጉድለት በከፊል የታረመው ከዚሁ ከተማ ወደ 40 ኪሎ ሜትር በምትርቀው በአርታ ነው። በፕሬዚዳንት እስማኤል ኦማር ጌሌ አስተናጋጅነት የሶማሊያ የሰላም ጉባኤ በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ከዚያ በፊት የተሞከሩት ጉባኤዎች የጦር አበጋዞችን ሲያስቀድሙ፣ አርታ ለጎሣ ሽማግሌዎች፣ ለሃይማኖት አባቶች፣ ለምሁራንና ለሴቶች ቅድሚያ ሰጠ። ሴቶቹ በጎሣ ከመከፋፈል ይልቅ በሴትነታቸው አንድ ወገን ሆነው ቆሙ፤ ከ245 የምክር ቤት መቀመጫዎችም 25 አገኙ።

ተቃዋሚ ይህን ሲሰማ፣ «ታዲያ ምን ፈየደ? ከአርታ የወጣው መንግሥት ሞቃዲሾን እንኳ መግዛት አቅቶት በ2004 በሌላ ተተካ» ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን ምክንያቱን መመርመር ይገባል። ጠመንጃ የያዙት ብዙዎቹ ከክቡ ውጭ ቀሩ፤ በመጋቢት 2001ም ሐዋሳ ላይ የራሳቸውን ግንባር አቋቋሙ። በመጨረሻም ምክሩ ወደ መቀመጫ ስሌት ተለወጠ፤ አራት ተኩል የሚባለው የጎሣ ቀመር ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። እንግዲህ ትምህርቱ ሁለት ነው፦ ውሳኔውን ማስፈጸምም ማፍረስም የሚችል ሰው ከጅምሩ ይጠራ፤ የጋራ ሐሳብም በወንበር ድርድር አይለወጥ።

ሌላው ተቃውሞ «ሕዝብ ያለ መሪ ከተሰበሰበ ሁከት ይሆናል» የሚለው ነው። የዚህ መልስ ለቅሶ ቤት ይገኛል። አንድ ሰው በባዕድ አገር ሲሞት አንዱ ገንዘብ ያሰባስባል፣ አንዱ ለወረቀቱ ጉዳይ ይሮጣል፣ አንዷ ቡና ታፈላለች፣ ሌላው ለቤተሰቡ መርዶ የሚነግር ሰው ይፈልጋል። አጀንዳ የጻፈ የለም፤ ሥራው ግን ይሠራል። ለሞተ ሰው እንዲህ መደራጀት የሚችል ሕዝብ በሕይወት ላለው ያቅተዋል ማለት ስድብ ነው።

ነገሩ የወንበር አቀማመጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላከራከረ። በኦቦክ በኩል ወደ የመን ለመሻገር በዚህ አገር የሚያልፈው የኢትዮጵያ ወጣት ከሚያውቁት ሰዎች ምክር ቢያገኝ ሕይወቱ ሊተርፍ ይችል ይሆናል። የሚያውቁት ሰዎች አዳራሹ ውስጥ አሉ፤ ሆኖም ጉዳዩ ከሦስቱ ነጥቦች መካከል ስለሌለ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ ሃምሳውን ሎሚ ጠረጴዛው ላይ ቆልሎ ሃምሳውን ሰው እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ማድረግ ግን ምን ይባላል?

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ጠረጴዛው ይነሣ፤ ወንበሮቹ ይዙሩ። ሰብሳቢዎች በየትኛው ጉዳይ ላይ የጉባኤውን ቃል እንደሚፈጽሙ አስቀድመው ይናገሩ። ባዶ ወረቀትና እስክርቢቶ መሐል ላይ ይቀመጥ፤ መጻፍ የማይችል ጸሐፊ ይሰጠው። በሩም ክፍት ይሁን። ያን ጊዜ ሾፌሩም ሠራተኛዋም ደጅ ላይ ያወሩት የነበረውን ውስጥ ያወራሉ፤ ቃለ ጉባኤውም የእነርሱን ጉዳይ ይዞ ይወጣል።