ከበሮ የምትመታ ልጅ ለጆሮህ እዘንለት

ልጆች፣ ከበሮ ለማንገት እንደምትሽቀዳደሙ አውቃለሁ፤ እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ። ዛሬ ግን ስለ እጃችሁ ሳይሆን ስለ ጆሯችሁ ልንገራችሁ።

እናንተ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች የዜማ አገር ልጆች ናችሁ። የድጓ ምስክር ቤተልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ዙር አምባ፣ ሁለቱም ጋይንት ናቸው። በዚያ ተማሪው ዜማውን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው። ርክርኩን ከጭረቱ የሚለይለት ጆሮው ነው። ጆሮው የደከመ ልጅ ምን ይቀበላል?

በጆሯችን ውስጥ ፀጉር የሚመስሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ኃይለኛ ድምፅ ሲደጋገምባቸው ይሞታሉ፤ ከሞቱም አይተኩም። አስቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ «ሰ»ን ከ«ፈ» መለየት ያስቸግራል። ድምፅ በዴሲቤል ይለካል። ለአዋቂ ሠራተኛ እንኳ 85 ዴሲቤል በቀን ከ8 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ ከ15 ደቂቃ እንዳያልፍ ይመከራል።

«አባቶቻችንስ ይመቱ የለ?» ትሉኝ ይሆናል። እነርሱ በሰፊው ቅኔ ማኅሌት፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በመረግድ ቀስ ብለው ጀምረው ነው ወደ ጽፋት የሚገቡት። እኛ ግን በጠባብ ክፍል ሦስት ከበሮ ባንዴ እንደልቃለን፤ ማጉያም እንጨምርበታለን! ይህ ለእኔ ጥናት አይመስለኝም። ለጥናት አንድ ከበሮ ይበቃል፤ በተራ ምቱ፣ ሌላው በጭብጨባ ይከተል። ቢቻል ከደጅ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር አጥኑ። ትንንሾቹን ከከበሮው አጠገብ አታስቀምጡ። ጆሯችሁ ጭው ብሎ እስከ ማግሥቱ ካልተወ ለወላጆቻችሁ ንገሩና ጤና ጣቢያ ሂዱ።