በመጀመሪያ ዕድሜው ይጠየቅ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ ቀበሌዎች እንጨት በመመናመኑ ብዙው ምድጃ የሚነድደው በኩበት ነው። የገብሱን ማሳ ሊያዳብር የሚገባው እበት ጢስ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የፀሐይን ብርሃን ወደ ነዳጅ የመለወጥ ምርምር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ሊሆን አይገባም።

እንደሚታወቀው፣ ጃፓናውያኑ አኪራ ፉጂሺማና ኬኒቺ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ብርሃን ያረፈበት የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ኤሌክትሮድ ውኃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጂን ሊከፍል እንደሚችል አሳይተዋል። ታዲያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም መሣሪያው ከቤታችን ያልደረሰው ለምንድን ነው?

አንዱ ዐቢይ ምክንያት መበላት ነው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ጽኑ ቢሆንም የሚጠቀመው የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ብቻ ነው። ሲሊከንና ጋሊየም አርሰናይድ የሚታየውን ብርሃን ይጠቀማሉ፤ ውኃ ውስጥ ግን አይከርሙም። ብርሃን ኤሌክትሮንን ሲያስለቅቅ ክፍት ቦታ ይፈጠራል። ክፍት ቦታው ኤሌክትሮን መንጠቅ የሚገባው ከውኃው ነበር፤ ከኤሌክትሮዱ አቶሞች መንጠቅ ሲቀልለው ግን የገዛ ቤቱን ያፈርሳል። ሲሊከን ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ኦክሳይድ ይለብሳል፤ ጋሊየም አርሰናይድ ይሟሟል።

መድኃኒቱ ልባስ ነው፤ ዚንክ የጣራ ቆርቆሮን እንደሚጠብቅ ማለት ነው። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የናታን ሉዊስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሊከንን በስስ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድና በኒኬል ሸፍኖ ከ100 ሰዓት በላይ አሠራው፤ በ2015 ደግሞ ከ2,200 ሰዓት በላይ። ይህም ሦስት ወር ያህል ነው። የጣራ የፀሐይ ሰሌዳ ግን ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል።

በግ ሸጦ መሣሪያ የገዛ ገበሬ በሦስተኛው ወር ላይ የሞተ ዕቃ ቢታቀፍ፣ ከፍተኛ ብቃቱ ምን ይጠቅመዋል? ተማሪዎቻችን «ስንት በመቶ?» ከማለታቸው በፊት «ስንት ዓመት?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ዶክተር ሶሲና ኃይሌ የተሳተፉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 በሌላ መንገድ፣ በተከማቸ የፀሐይ ሙቀትና በሴሪየም ኦክሳይድ ውኃን ሲከፍል፣ ሥራው ለ500 ዑደት መጽናቱን ከብቃቱ ጋር አብሮ መግለጹ መልካም አርአያ ነው።

ዝገት ራሱም ተስፋ አለው። የብረት ኦክሳይድ የሚታይ ብርሃንን ይጠቀማል፤ አስቀድሞ ዝጓልና በአልካሊ ውኃ ውስጥ አይበላም። ድክመቱ ክፍት ቦታዎቹ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ውስጥ መጥፋታቸው ነው። ከብረት ጨው ሟሙትና ከእቶን የሚሠራ በመሆኑም በአገራችን ቤተ ሙከራዎች ሊጠና ይችላል። የደጋው ፀሐይ በየዓመቱ አትታጣም፤ የሚያስፈልገን በየዓመቱ የሚጠብቃት ኤሌክትሮድ ነው።