የሸዋል ሠርግ ወርቅ ከማን እጅ ይመጣል?

በመተማ ረመዳን ሲጋመስ ሁለት ነገር አብሮ ይጀመራል፤ የዘካ ሒሳብና የሸዋል ሠርግ ዝግጅት። በሁለቱም መካከል ወርቅ አለ። ሴቶቻችን ዓመቱን ሙሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረውን አምባርና የአንገት ሐብል አውጥተው ያስመዝናሉ፤ 85 ግራም ሞላ ወይስ አልሞላም ይባላል። (ለመልበስ በተያዘ ጌጥ ላይ ዘካ አለ ወይስ የለም በሚለው መዝሀቦች ይለያያሉ፤ እሱን ለኢማሞቻችን እንተወው።) በዚያው ሰሞን የሙሽራው ቤተሰብ ለመህር የሚሆን ወርቅ ፍለጋ ይወጣል። 18 ካራት ነው 21? ስንት ግራም ነው? የእጅ ዋጋውስ አይቀነስም? ይህን ሁሉ እንጠይቃለን። ወርቁ ከማን እጅ እንደ መጣ ግን አንጠይቅም።

እኛ ይህን ላለመጠየቅ ሰበብ የለንም። ጋላባት ከፊታችን ናት፤ ድንበሩን በእግር የምንሻገር ሰዎች ነን። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር በሐጅ መንገድ መጥተው እዚህ የሰፈሩት ተክሩሮች ባቀኑት የድሮው የመተማ ገበያ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰምና ቡና ይሸጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ያኔም ገዢው ዕቃው ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም ነበር።

የሱዳን ጦርነት የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ረመዳን 24፣ ሰው ለይለቱል ቀድርን በሚጠባበቅባቸው ሌሊቶች መካከል። ከዚያ በኋላ በመተማ በኩል የገባውን ሕዝብ አይተናል፤ ኩመርና አውላላ የተቋቋሙት ለእነሱ ነው። ብዙዎቹ እናቶች ቤታቸውን ጥለው ሲወጡ ይዘው መውጣት የቻሉት በእጃቸው የነበረውን አምባር ብቻ ነው። የካርቱም ቤቶች ደግሞ በር እየተሰበረ ተዘርፈዋል፤ ከቤት ከሚፈለገው ዕቃ የመጀመሪያው የሴቶች ወርቅ ነበር። ስደተኛዋ የሸጠችው አምባርና ከሌላዋ ቤት የተዘረፈው አምባር ሚዛን ላይ ሲወጡ አይለዩም። ሁለቱም ያበራሉ፣ ሁለቱም 21 ካራት ናቸው።

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። አንዳንዶች «እንግዲያው ከሱዳን የመጣ ወርቅ በጭራሽ አንግዛ» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። ልጇን ለማሳከም አምባሯን ይዛ የወጣችውን እናት ፊት መንሳት ጥንቃቄ አይደለም። በሌላ በኩል፣ እንደ ቸገራት አውቀን በግማሽ ዋጋ መግዛትም ንግድ ልንለው አይገባም፤ የተጨነቀን ሰው ንብረት በርካሽ መቀራመትን ዑለማዎች ሲያወግዙ ኖረዋል። የምንችል ከሆነ የተሻለው ማበደር ነው፤ ወለድ የሌለው ብድር፣ አምባሩ በመያዣነት ተቀምጦ፣ በምስክር ፊት ተጽፎ። ረህን በሃይማኖታችን የታወቀ ነገር ነው። የግድ ልትሸጥ ከሆነ ወርቅ ቤቱ ለእኛ በሚያስበው ዋጋ ይገዛላት። አንድ ጎረምሳ ስድስት የሴት አምባር በፌስታል ይዞ ሲመጣ ግን የማን እንደ ነበሩ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ባንገዛው ሌላ ሰው ይገዛዋል የሚለውን ክርክር እናውቀዋለን፤ ሌባም ይለዋል።

አዲስ ወርቅ ስለሆነ ንጹሕ ነው ማለትም አይቻልም። በዳርፉር የጀበል አሚር ወርቅ ሰው የተጋደለበት ወርቅ ነው፤ ዛሬም ሁለቱም ተዋጊ ወገኖች ከወርቅ ገንዘብ ያገኛሉ። ከሱዳን ወርቅ አብዛኛውን የሚያወጡት በእጃቸው የሚቆፍሩ ሰዎች ናቸው፤ መሣሪያቸውም ሜርኩሪ ነው፤ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት። የተፈጨው ድንጋይ ከባዜቃ ጋር ይታሻል፣ ወርቁ ይጣበቅበታል፣ ከዚያ በእሳት ይቃጠላል። ባዜቃው ተንኖ አቃጣዩ ደረት ውስጥ ይገባል፤ የቀረው አፈርና ውሃ ውስጥ ይቀራል። በእርግዝና ላይ ያለች ሴት ከተመረዘ ጽንሱ ሳይቀር ይጎዳል። ጓንግ ከእኛ ተነሥቶ አትባራ ተብሎ ዓባይን የሚቀላቀለው ወርቁ በብዛት በሚቆፈርበት በዚያው ግዛት ነው። ወንዙ ቁልቁል ስለሚሄድ ያ መርዝ በውሃ ወደ እኛ አይመለስም። ወደ እኛ የሚመለሰው ጌጡ ነው።

የራሳችን አገር ወርቅም ከዚህ አያመልጥም። በጉጂ የለገደምቢ ማዕድን ፈቃድ በ2010 ዓ.ም. የታገደው የአካባቢው ሕዝብ ልጆቻችን አካላቸው ጎድሎ ይወለዳሉ፣ ከብቶቻችን ያልቃሉ ብሎ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። ማዕድኑ በኋላ ወደ ሥራ ተመልሷል። ከአንድ ቶን ድንጋይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥቂት ግራም ወርቅ መሆኑን ስናስብ፣ ለአንዲት ሙሽራ ሐብል ስንት ቶን ድንጋይ ተፈልፍሎ ውዳቂው በማን ደጅ እንደ ተከመረ መገመት አያቅትም።

ሴት ወርቅ አታድርግ አንልም፤ ለሴቶች የተፈቀደ ነው። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለመህር የሚሰጠው ያጣውን ሰው የብረት ቀለበትም ቢሆን ፈልግ ማለታቸውን እያስተማርን፣ መንደራችን ውስጥ የመህሩን ግራም ከጎረቤት ጋር ማፎካከራችን አያምርም። ሽማግሌዎች ግራም ሲቆርጡ «ካለው ወርቅ ይሁን» ቢሉ ብዙ ነገር ይቀላል። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተሰበረ ጉትቻ፣ ጎደሎ ሐብል፣ የአያት አምባር አለ። አንጥረኛው አቅልጦ አዲስ ይሠራዋል፤ የእጅ ዋጋ ይከፈላል፣ ትንሽ ይጎድላል፣ አዲስ ጉድጓድ ግን አይቆፈርም። የወርቅ ዋጋ እንዲህ በናረበት ጊዜ ለኪስም ይሻላል።

በአንድ ኢድ ቀን ነቢዩ ሴቶቹን ሰደቃ እንዲሰጡ ባሳሰቧቸው ጊዜ፣ ቢላል ልብሱን ዘርግቶ፣ ሴቶቹ ጉትቻና ቀለበታቸውን እያወለቁ እንደ ጣሉበት በሐዲስ ተዘግቧል። ያ ወርቅ ባለቤቱ የታወቀ ወርቅ ነበር፤ ከገዛ ጆሮዋ ነው ያወለቀችው።

ከዘመዶቻችን አንዷ ዘንድሮ በሸዋል ልጇን ትድራለች። የአያትየውን ሁለት አምባር ሰጥታ ለልጅቷ ሐብል አሠርታለች። መጀመሪያ «ሰው ምን ይለኛል» ብላ ለሳምንት ያህል ለማንም አልተናገረችም ነበር። አሁን ሐብሉን ለማየት የሚመጡት አክስቶች ግራሙን አይጠይቁም፤ አምባሮቹ በአያቷ እጅ ላይ ሲንቀጫቀጩ ትዝ ይላቸዋልና የሚያወሩት ስለ እሷ ነው።