ገጹ ሲገለጥ

ከእንጦጦ ግርጌ ባለች አንዲት አነስተኛ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢንስፔክተሮች የገቡ ዕለት የሆነውን አንዲት የሦስተኛ ክፍል መምህርት አጫውተውኛል። ከኢንስፔክተሮቹ አንዱ ከኋላ ወደተቀመጠ ልጅ ጠጋ ብሎ “እስቲ ይህቺን አንብብልኝ፣ ጎበዝ” ይለዋል። ልጁ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ፣ ሳይደነቃቀፍ፣ ምንባቡን እስከ መጨረሻው ተወጣው። መምህርቷ ደስ አላቸው። እንግዳው ልጁን አመሰገነና ገጹን ገለጠ። “ይህቺንስ?” አለው። ልጁ ጣቱን አዲሱ ገጽ ላይ አሳርፎ የቅድሙን ምንባብ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ቃል በቃል፣ አንዲት ሳይስት።

ልጁ ማንበብ አይችልም ነበር። ጓደኞቹ ጮክ ብለው ሲያነቡ እየሰማ ምንባቡን በቃሉ ይዞታል። “ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ ዓይኔ ሥር ነበር፤ አላየሁትም” አሉኝ መምህርቷ፣ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ።

በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤቷ ስትዘጋጅ ሰንብታለች። ግድግዳው አዳዲስ ቻርት ተለጥፎበታል። ሳይጻፍ የከረመው ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ በሁለት ሌሊት ተጽፏል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ቃለ ጉባኤ ፊርማው ተሟልቶ ፋይል ተደርጓል። ይህን ልማድ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንግዳ ይመጣል ሲባል ግቢ ይጠረጋል፣ ወረቀት ይደረደራል። ያን ሁሉ ዝግጅት አንድ ገጽ መግለጥ አፈረሰው።

ኢንስፔክሽን ለአገራችን ትምህርት ቤት አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን በዚሁ ስም ተጀመረ፣ ቆይቶ ሱፐርቪዥን ተባለ፣ በደርግ ዘመን ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ፣ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ እንደገና ሱፐርቪዥን ሆነ። ዛሬ የምናውቀው፣ ትምህርት ቤቶችን በደረጃ የሚመድበው አሠራር የመጣው በ2006 ዓ.ም. ገደማ ነው። ማዕቀፉ 26 ስታንዳርዶች አሉት፤ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 በመቶ ይሰጣል። ድምሩ ከ50 በመቶ በታች የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ያገኘ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያገኘ ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ የሄደ ደረጃ 4 ይባላል። መስፈርቱን አሟላ የሚባለው ከደረጃ 3 ጀምሮ ያለው ነው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶቻችን ከዚያ በታች መሆናቸውን ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል።

የእንጦጦ ግርጌዋም ትምህርት ቤት ደረጃ 1 ተባለች። የተለመደው መንገድ ሪፖርቱን ፋይል ውስጥ አስገብቶ፣ ጥፋቱን በበጀት እጥረት አሳብቦ፣ የሚቀጥለውን ኢንስፔክሽን መጠበቅ ነው። ርዕሰ መምህርቷ ግን ሪፖርቱን ይዘው ወላጆችን ሰበሰቡ። አብዛኞቹ ከጫካው እንጨት የሚሸከሙ እናቶችና የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ናቸው። ስለ ስታንዳርድና ስለ በመቶኛ ቢነግሯቸው ኖሮ አጨብጭበው ይሄዱ ነበር። እሳቸው የልጁን ታሪክ፣ ስሙን ሳይጠሩ፣ ነገሯቸው። አዳራሹ ጸጥ አለ። እያንዳንዱ ወላጅ “የኔ ይሆን?” እያለ ነበር። ከዚያ አንድ ሸማኔ አባት ተነሡና “ዳይሬክተር፣ ድሩ ላልቶ ሳለ ማግ ብንወረውርበት ጨርቅ አይወጣውም፤ ከሥሩ እንጀምር” አሉ።

ከሥሩ ጀመሩ። በማግስቱ የተደረገው ነገር አንዳች ብር አልጠየቀም። እንዳይጠፉ ተብሎ እስቶር ውስጥ የተቆለፈባቸው መጻሕፍት ወጥተው ለልጆቹ ታደሉ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ መምህራን በየቀኑ ጥቂት ልጆችን አጠገባቸው እያስቀመጡ፣ ልጁ ከዚህ በፊት ያላየውን ገጽ ማስነበብና ያቃተውን ፊደል በተራ ደብተር መመዝገብ ያዙ። ለዓመታት ወረቀት ላይ ብቻ የኖረው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ ተሙማ የምንለው፣ አንዱ መምህር የሌላውን ክፍል ገብቶ የሚያይበት ሆነ። ከሁሉ የከበደው ምደባው ነበር። በብዙ ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍል የሚሰጠው ለጀማሪ ወይም “ለማይችል” መምህር ነው። እዚህ ግን በፊደል ማስቆጠር የተመሰገኑት አንጋፋ መምህር ወደ አንደኛ ክፍል ወረዱ። ወረዱ የሚለው ቃል ራሱ ስህተት ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ የለም።

ወላጆችም የድርሻቸውን ያዙ። ጠዋት ለአባቱ ቀሰም ሲጠቀልል አርፍዶ ይመጣ የነበረ ልጅ ሥራው ወደ ማታ ተዛወረለት። ጨርሶ ቢቀርለት እመኛለሁ፤ ግን ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ቤተሰብ ይህን መተው ምን ያህል እንደሚጎዳው የሚያውቅ፣ የተደረገውን አያቃልልም። የከተማዋ የምገባ ፕሮግራምም ረድቷል፤ ቁርስ ያለበት ልጅ ማልዶ ይመጣል፣ የጠገበ ልጅ ፊደል ይይዛል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ነገሩ የአንዲት ትምህርት ቤት ጉዳይ ስላልሆነ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። አገር ደነገጠ። በ2002 ዓ.ም. ግን በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደ የንባብ ጥናት፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቶ ነበር። ከዚያ ጥናት አንድ ዓመት በኋላ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሳይደግም ከሄደ 12ኛ ክፍል የሚደርሰው በ2014 ነው። ያስደነገጠን ውጤት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ተነግሮን ነበር። ገጹ ተገልጦልን እኛ የቀድሞውን እየደገምን ነበር።

“ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ቤተ መጻሕፍት ሳይኖር፣ መምህሩ በደመወዙ ወሩን መዝለቅ አቅቶት ምን ማሻሻል ይቻላል?” የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው እውነት ነው። ያቺም ትምህርት ቤት ክረምት ሲገባ ሁለት ክፍሎቿ ያፈስሳሉ፤ ይህ የመምህራኑ ዕዳ አይደለም፣ የመንግሥት ነው፣ መከፈልም አለበት። ነገር ግን ጣሪያው እስኪሠራ ልጁ አይጠብቅም። አንደኛ ክፍል ያመለጠው ንባብ በአምስተኛ ክፍል በሳይንስ፣ በስምንተኛ በሒሳብ፣ በመጨረሻም በአገር አቀፍ ፈተና ወለዱን ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የኢንስፔክሽን ውጤት ለርዕሰ መምህሩና ለወረዳው ብቻ ሳይሆን ለወላጅ፣ ወላጅ በሚገባው አማርኛ ይነገር። ወላጅ “ደረጃ 1” ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ “ልጅህ አያነብም” ቢባል ግን ሌሊቱን አይተኛም። ሁለተኛ፣ ኢንስፔክተሩ ፋይል በማገላበጥ የሚያጠፋውን ሰዓት ቀንሶ ልጁ ያላየውን ገጽ ያስነብብ። ሦስተኛ፣ ዝቅተኛ ደረጃ ያገኘ ትምህርት ቤት ከወቀሳ ጋር ድጋፍ ይከተለው፤ አጎራባች ትምህርት ቤቶችን በአንድነት የሚደግፈው የጉድኝት ሱፐርቫይዘርም በማግስቱ ይምጣ፣ በዓመቱ መጨረሻ አይደለም። ሐኪም በሽታውን ነግሮ መድኃኒት ሳያዝ ቢሄድ ማን ሐኪም ይለዋል?

ኢንስፔክተሮቹ ወደ ትምህርት ቤቷ ገና አልተመለሱም። ምን ደረጃ እንደሚሰጧትም የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሄጄ፣ አሁን አራተኛ ክፍል ከሆነው ከዚያ ልጅ አጠገብ ተቀመጥኩ። ይዤው የሄድኩትን፣ አይቶት የማያውቀውን የተረት መጽሐፍ መሀል ላይ ገለጥኩለት። ቀስ ብሎ ጀመረ። “ቋ” ላይ ሲደርስ ቆመ፣ “ቀ” አለ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ ኋላ ተመለሰና ፊደሏን በጣቱ ነክቶ በትክክል ጠራት። ሁለት መስመር እስኪጨርስ አራት ጊዜ ተደነቃቀፈ። በዚያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ልቤን የሞላው ያ መደነቃቀፍ ነበር፤ ልጁ እያነበበ ነበር።